የሚናገረው ይያዝ፥ ወይስ የሚከለክለው?

ልጆቻቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወላጆች፥ «በእገሌ ከተማ ሁለት ወገን ሰልፈኞች ተጋጠሙ» የሚል ወሬ በደረሳቸው ጊዜ አስቀድመው «ልጃችን ደኅና ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ልባቸው ካረፈ በኋላ ደግሞ «ለመሆኑ ፖሊስ ማንን ያዘ?» ይላሉ። ፊተኛው የወላጅ አንጀት ጥያቄ ስለ ሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው ግን በማዕድ ዙሪያ ተነሥቶ መልስ ሳያገኝ የሚቀር ነውና፥ በዚህ ወር ዐምዳችን ጥቂት ልንመረምረው ወደድን። የውጭ አገሩን ታሪክ የምንቈጥረው በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልን።

የቅርቡን እናስቀድም። በ2023 ዓመት፥ ጎረቤቶቻችን ኤርትራውያን ተሰደው በሚኖሩባቸው አገሮች የመንግሥታቸው ደጋፊዎች በዓል ለማክበር በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ ተቃዋሚዎቻቸው እየመጡ ብዙ ጠብ ተነሣ። በጀርመን አገር በጊሰን ከተማ በጁላይ ወር ቢያንስ 26 ፖሊሶች ተጐዱ። በኦገስት በስቶክሆልም ከ50 የማያንሱ ሰዎች ቈሰሉ፤ ድንኳኖችም ተቃጠሉ። ሴፕቴምበር 2 ቀን በቴል አቪቭ ሰማያዊ የለበሱ ተቃዋሚዎችና ቀይ የለበሱ ደጋፊዎች በድንጋይና በዱላ ተማቱ፤ ፖሊስም በጥይት ተኰሰ፤ የቈሰሉት ሲቈጠሩ ከ100 በለጡ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ፥ አንድ ፊደል የቈጠሩ መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። ተቃዋሚዎቹ «ሸሽተን ያመለጥነው መንግሥት እስከዚህ ድረስ ተከትሎን ለምን በዓል ያከብራል?» ይላሉ። ደጋፊዎቹም «በዓላችንን በሰላም ልናከብር መጣን እንጂ ማንን ነካን?» ይላሉ። የጊሰን ከተማ አስተዳደር አስቀድሞ በዓሉን ከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን ክልከላውን ሻረው። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ጠብ ሊነሣ መሆኑ ከታወቀ ዘንድ ተናጋሪውን «ቅር» ማለት ይሻላልን? ወይስ ጠብ ሊያነሣ የሚመጣውን መያዝ?

ይህ ጥያቄ ለዳኞች በግልጥ ከቀረበባቸው ጊዜያት አንዱ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነበር። በእንግሊዝ አገር ዌስተን ሱፐር ሜር የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በዚያን ጊዜ ዊልያም ቡዝ ያቋቋመው ሳልቬሽን አርሚ፥ በእኛ አነጋገር የመዳን ሠራዊት የሚባለው ማኅበር፥ ከበሮና መለከት እየመታ፥ ሰንደቅ ይዞ፥ በየመንገዱ እየዞረ ወንጌል ይሰብክ ነበር። (እኛ የዚህን ማኅበር ትምህርት አንከተልም፤ ከበሮውም ከእኛ ከበሮ ጋር አይገጥምም፤ ነገሩ ግን የትምህርት ክርክር አይደለም።) ስብከቱ በተለይ በመጠጥ ላይ ነበርና መጠጥ ሻጮች ጠሉት። ከዚህም የተነሣ በየከተማው የሥራ ፈት ጎረምሳ ሁሉ ተሰብስቦ «የአፅም ሠራዊት» የሚል ስም ለራሱ አወጣ፤ እርሱም በበኩሉ ሰንደቅ ሠርቶ የሰባኪዎቹን ሰልፍ እየተከተለ መንገድ መዝጋት፥ መሳደብና መደባደብ ሥራው ሆነ።

በ1882 ዓመት በማርች ወር ጠቡ ስለ በረታ የከተማይቱ ዳኞች ሰልፉን የሚከለክል ማስታወቂያ በየግድግዳው አስለጠፉ። ማርች 26 ቀን በእሑድ ዕለት የሰባኪዎቹ አለቃ ዊልያም ቢቲ ተከታዮቹን አሰልፎ እንደ ልማዱ ወጣ። የፖሊስ አዛዡ መንገድ ላይ አቁሞ «ማስታወቂያውን አክብረህ ሰውህን በትን» አለው። ቢቲ እምቢ አለ፤ ተያዘም። ሌላው ፈንታውን ወስዶ ሰልፉን መራ፤ እርሱም ተያዘ። ዳኞቹም ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርጋችኋል ብለው ለ12 ወር ሰላም እንዲጠብቁ ዋስ ጥሩ ሲሉ ፈረዱባቸው። ድንጋይ ያነሡት ሰባኪዎቹ አልነበሩም፤ ሰው የመቱም እነርሱ አልነበሩም። የዳኞቹ አሳብ ይህ ነው፤ ሰልፉ ከወጣ ጠብ መነሣቱ የታወቀ ነው፤ እያወቁ የሚወጡ ሰዎች የጠቡ ምክንያት ናቸው።

ለእነዚያ ዳኞች እውነቱን እንናገርላቸውና፥ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የፖሊሱ ቍጥር ጥቂት፥ የጎረምሳው ቍጥር ብዙ፥ የከተማው ሰው የተጨነቀ ነበር። ጥቂቱን ዝም ማሰኘት ብዙውን ከመግታት ይቀላል። በቤታችንም እኮ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ብዙ ጊዜ የምንቈጣው የሚሰማንን ነው፤ እምቢተኛውን ለመግታት ድካሙ ስለሚበዛብን።

ነገሩ በይግባኝ ወደ ለንደን ደረሰ። በጁን ወር ፊልድና ኬቭ የሚባሉ ሁለት ዳኞች ፍርዱን ሻሩት። ምክንያታቸውን በእኛ ቃል ስንናገረው እንዲህ ነው፤ ሰው ሕግ የፈቀደውን ሥራ ሲሠራ፥ ሌላው በዚያ ተናዶ ሕግ ቢተላለፍ ወንጀሉ የተላላፊው ነው፤ የፊተኛው ሰው አስቀድሞ ማወቁ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ይህ ፍርድ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬም በሕግ ተማሪዎች ዘንድ ይጠቀሳል።

ጥቂት ቆም ብለን፥ ፍርዱ ባይሻር ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር እናስብ። አንድ ሰው የጠላውን ንግግር ሁሉ ለማስቀረት ደብዳቤ መጻፍ፥ መከራከር፥ የሕዝብን ልብ መማረክ አያስፈልገውም ማለት ነው። 20 ጎረምሳ ሰብስቦ «ከተናገረ እናፈርሰዋለን» ብሎ ማስወራት ይበቃዋል፤ የቀረውን ፖሊስ ራሱ ይጨርስለታል። በአገራችን «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚባለው ይህን የመሰለው ነው፤ የተመታው ሰው ሲጮኽ ተመልሶ እንደ በዳይ ይቈጠራል። ዛቻው አንድ ቀን ከሠራ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሌላው ወገንም ያንኑ ዛቻ ይማራል።

በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኤፌሶንን ሁከት የማያስታውስ ምእመን የለም። በዚያ ጉባኤ ከተሰበሰቡት የሚበዙት ለምን እንደ መጡ አያውቁም ነበር፤ አንዱ ሊናገር እጁን ቢያነሣ ሁለት ሰዓት ያህል ጮኸውበት አፉን አስያዙት። ሕዝቡን ጸጥ ያሰኘው የከተማይቱ ጸሓፊ ነው፤ እርሱም የተያዙትን ሰዎች ለሕዝቡ አሳልፎ አልሰጠም፤ ክስ ያለው ወደ ሸንጎ እንዲሄድ ነግሮ አሰናበታቸው። ያ ጸሓፊ ክርስቲያን አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሹም ነበር።

በአገራችንም ቢሆን የቀደሙት አባቶቻችን ነገሩን አልሳቱትም። በዋርካ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባለ ሲሟገቱ፥ ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፥ ነጠላውን አጣፍቶ ቃሉን ሲያሰማ ባለጋራው ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከመካከል የሚያቋርጠውን ዳኛው ይገሥጸዋል፤ በዙሪያው የተቀመጠውም ሽማግሌ ይነቅፈዋል። በትምህርት ቤት ተማሪዎቻችንን ለክርክር ስናሠለጥን ከሁሉ አስቀድሞ የምናስተምራቸው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ ከሁሉ በኋላ የሚገባቸውም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ «እንግዲያውስ ተናጋሪው የፈለገውን ሁሉ ይናገር ማለታችሁ ነውን?» ብሎ ሊጠይቀን ይገባል። የእንግሊዝ ዳኞችም ጥያቄው ደርሶባቸዋል። በሊቨርፑል ከተማ ጆርጅ ዋይዝ የሚባል የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበር። እርሱ ብዙ የአየርላንድ ካቶሊኮች በሚኖሩበት ሰፈር እየሄደ፥ የጸሎት መቍጠሪያቸውን በአንገቱ አጥልቆ፥ መስቀል ከራሱ በላይ እያወዛወዘ ሃይማኖታቸውን በስድብ ያዋርድ ነበር። ነገሩ በ1902 ዓመት ሲዳኝ ፍርዱ ከዌስተኑ ተለየ፤ ሰላም እንዲጠብቅ ዋስ መጠየቁ ተገቢ ነው ተባለ። ዳኞቹ ስድቡ በራሱ በዚያ ሰፈር ሰው ላይ የተወረወረና ጠብን የሚወልድ ነው አሉ።

ይህን ፍርድ ስንሰማ ልባችን ወዲያው እሺ ይላል። መስቀል ሲዘበትበት ማየት ለማን ይቻለዋል! ዳሩ ግን ልባችን እሺ ባለበት ስፍራ ነው ይልቁን መጠንቀቅ ያለብን። ሰውን ፊት ለፊት ቆሞ መስደብ አንድ ነገር ነው፤ የሰማው ሰው የሚያስቀይመው አሳብ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን እንደ ፊተኛው ከቈጠርነው፥ ነገ የእኛን ዕምነት «ያስቀይመኛል» የሚል ሰው ያንኑ ሕግ ይዞ ይመጣብናል።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የደከሙት የአሜሪካ ዳኞች ናቸው፤ ድካማቸውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነበር። በ1946 ዓመት አርተር ተርሚኔሎ የሚባል የካቶሊክ ቄስ በቺካጎ በአንድ አዳራሽ ከ800 ለሚበልጡ ሰዎች ንግግር አደረገ። ቄስ መሆኑን ስንሰማ መልካም ነገር እንጠብቃለን፤ የተናገረው ግን አይሁድን የሚያስጠላ ክፉ ንግግር ነበር። ከውጭ ከ1000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሰብስቦ በንዴት ይጮኽ፥ መስኮት ይሰብር ነበር። ተናጋሪው ተከሶ 100 ዶላር ተቀጣ። በ1949 ዓመት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አምስት ለአራት ተከፍለው ቅጣቱን ሻሩት፤ ንግግር ሰውን ስላስቈጣና ክርክር ስላስነሣ ብቻ ወንጀል ሊሆን አይችልም አሉ። ከተቃወሙት ከአራቱ አንዱ ሮበርት ጃክሰን ነበር፤ እርሱ በኑረምበርግ የናዚ ሹማምንትን የከሰሰ ሰው ነውና የጥላቻ ንግግር ወዴት እንደሚያደርስ በዓይኑ አይቷል። የመንገድ ወንበዴዎች ነጻነትን መሣሪያ አድርገው ነጻነትን እንዳያጠፉበት ፈርቶ አጥብቆ አስጠነቀቀ። የእርሱን ፍርሃት ዛሬም አቅልለን አንመለከተውም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ፍርድ ቤት ወደ ኋላ ተመለሰ። በማርች 8 ቀን 1949 በሲራክዩዝ ከተማ ኧርቪንግ ፋይነር የሚባል ተማሪ ሣጥን ላይ ቆሞ ከ75 እስከ 80 ለሚሆኑ ጥቍርና ነጭ ሰዎች ይናገር ነበር። ፕሬዚዳንቱን ተሳደበ፥ የከተማውን ሹም ተሳደበ፤ ጥቍሮችም ስለ እኩልነታቸው እንዲነሡ ተናገረ። ሁለት ፖሊሶች ቆመው ያያሉ። ከአድማጩ አንዱ ወደ እነርሱ ቀርቦ «እናንተ ካላወረዳችሁት እኔ አወርደዋለሁ» አለ። ፖሊሶቹ የዛተውን ሰውዬ ትተው ተናጋሪውን «ውረድ» አሉት፤ እምቢ ቢል ያዙት፤ 30 ቀን እስራት ተፈረደበት። በ1951 ዓመት ከዘጠኙ ዳኞች ስድስቱ ፍርዱን አጸኑት። ዳኛ ሁጎ ብላክ ግን ተቃውሞ ጻፈ፤ የፖሊሶቹ ግዴታ ተናጋሪውን መጠበቅ ነበር፥ የሚያስፈልግም ቢሆን የዛተውን ሰው ይይዙ ነበር አለ። በእኛ አሳብ የዌስተንን ፍርድ በትክክል ያስታወሰ እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ አንባቢዎቻችን ይህን ያስተውሉ። በማርች 2 ቀን 1961 በደቡብ ካሮላይና ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ 187 ጥቍር ተማሪዎች ከአንድ የመጥምቃውያን ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው፥ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው፥ መድልዎን በመቃወም ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ግቢ ሄዱ። ከ200 እስከ 300 የሚሆን ተመልካች ተሰበሰበ። ፖሊስ «ጠብ ሊነሣ ይችላል» ብሎ በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲበተኑ አዘዘ። ተማሪዎቹ አልተበተኑም፤ እያጨበጨቡ መዝሙር ዘመሩ፤ ታሰሩ፤ ከ10 እስከ 100 ዶላር መቀጫ ወይም ከ5 እስከ 30 ቀን እስራት ተፈረደባቸው። በ1963 ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ነጻ አወጣቸው። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ለድጋፍ የጠቀሰው፥ ከ14 ዓመት በፊት ለዚያ ለአይሁድ ጠላት ለቺካጎው ቄስ የተጻፈውን ፍርድ ነበር። ቄሱን ቀጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ እነዚያን ልጆች ለማሰር የሚያገለግለው ቃል ተዘጋጅቶ ይቈይ ነበር።

ፍርዱ በወረቀት ሲነበብ ይቀላል፤ በመንገድ ላይ ግን በሁለት ሕዝብ መካከል የሚቆም ሰው ይፈልጋል። በጆርጂያ ግዛት በፎርሳይት አውራጃ በጃንዋሪ 1987 ዓመት የሲቪል መብት ተከራካሪው ሆዜያ ዊልያምስ ጥቂት ሰዎችን፥ 90 ያህል፥ ይዞ ሰልፍ ወጣ። 400 የሚሆኑ ተቃዋሚዎች፥ የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች ሳይቀሩ፥ ድንጋይና ጠርሙስ ወረወሩባቸው፤ ጥቂቱ ፖሊስ ሊገታቸው አልቻለምና ሰልፉ ተቋረጠ። በሚቀጥለው ሳምንት 20,000 ሰው ተመልሶ መጣ፤ ተቃዋሚውም 1000 ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን ከ3000 የሚበልጥ ፖሊስና ብሔራዊ ዘብ በመካከል ቆመ። ድንጋይ አልፎ አልፎ ተወረወረ፥ ከተቃዋሚዎቹም 60 ተያዙ፤ ሰልፉ ግን ሳይቋረጥ ተፈጸመ። ወጪው ከ670,000 ዶላር በላይ ነበር። አውራጃው ከዚህ በኋላ ሰልፈኛ በቀን እስከ 1000 ዶላር እንዲከፍል ደንብ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ዓመት አምስት ለአራት ሆኖ ደንቡን ሻረው፤ የሚጠላው ሰው የበዛበት ተናጋሪ ብዙ ይክፈል ማለት አይቻልም አለ። ያን ጊዜ ክስ ያቀረበው፥ የሚገርመው፥ የነጮችን የበላይነት የሚሰብክ ማኅበር ነበር።

ኦገስት 12 ቀን 2017 በቨርጂኒያ ግዛት በሻርሎትስቪል የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የከተማው አስተዳደር የነጭ ዘረኞችን ሰልፍ ወደ ሌላ ስፍራ ሊያዛውር ቢያስብ፥ ዳኛ በዋዜማው በቀድሞው ስፍራ ይሁን አለ። ፖሊስም ከአጥር ጀርባ ቆሞ፥ ሁለቱ ወገኖች በዱላ ሲማቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተ፤ በኋላም ስብሰባው ተበትኗል ብሎ ሁለቱን በአንድነት ወደ መንገድ ለቀቃቸው። ከቀትር በኋላ ከዘረኞቹ ወገን የነበረ አንድ ሰው መኪናውን በተቃዋሚዎች ላይ ነድቶ የ32 ዓመት ሴት ገደለ፥ ብዙዎችንም አቈሰለ። ከተማው ያስደረገው ምርመራ፥ ፖሊስ ሁለቱን ወገን ለይቶ ማቆም እንደ ነበረበት ገለጠ። ሌላም ነገር አለ፤ በዚያ ግዛት ሕግ ጠመንጃ በግልጥ መያዝ የተፈቀደ ስለ ነበረ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሰልፉ መካከል ይታዩ ነበር። የዘረኞቹን የመሰብሰብ መብት በፍርድ ቤት የተከራከረላቸው የሲቪል መብት ማኅበር እንኳ፥ ከዚያ በኋላ መሣሪያ ይዞ ለሚሰለፍ አልቆምም አለ። በመሣሪያ ፊት የሚደረግ ክርክር ክርክር አይደለምና እኛም በዚህ እንስማማለን።

በተቃራኒው የሚቆመውም ሰው መብት አለው፤ ይህ እንዳይረሳ። በመንገዱ ማዶ ቆሞ «አልቀበልም» ማለት፥ ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ማሳየት፥ ማጕረምረም፥ ጀርባውን ማዞር ሁሉ ንግግር ነው። ድንበሩ የሚጀምረው በሩን ሲዘጋ፥ የድምፅ ማጕያውን ገመድ ሲቈርጥ፥ አድማጩ እንዳይሰማ ሆን ብሎ ጩኸቱን ሳያቋርጥ ሲያስተጋባ ነው። ልጆቻችን በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ወደ አንዱ ወገን ሰልፍ ሲሄዱ፥ «አትሂዱ» ብንላቸው አይሰሙንም፤ ይህን ድንበር ብንነግራቸው ግን ምናልባት ይሰሙን ይሆናል። ወላጅ ለልጁ «ማንም ድንጋይ ሲያነሣ ባየህ ጊዜ፥ የእኛ ወገን ቢሆንም፥ ከዚያ ራቅ» ሊለው ይችላል።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ30ኛው አንቀጽ መሣሪያ ሳይያዝ በሰላም መሰብሰብንና መሰለፍን ፈቅዷል። ከዚያም በፊት በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 3፥ ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ደነገገ። ጽሕፈት ቤቱ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጥ አለበት፤ ፈጽሞ አይደረግም ሊል ግን አይችልም። አዋጁ እንዲህ ይበል እንጂ፥ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባ ለጸጥታ ሲባል ሰልፍ ተከለከለ፤ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰልፍ እንደ ገና በዋና ከተማይቱ መንገድ የታየው በግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስምንት ዓመት አለፈ።

እንግዲህ በአንድ ሰኞ ጥዋት ሁለት ደብዳቤ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ፥ አንዱ ለሚቀጥለው እሑድ አደባባዩን ሲለምን ሁለተኛው ያንኑ አደባባይ በዚያው ሰዓት እርሱን ለመቃወም ቢለምን፥ ሹሙ ሁለቱንም «አይቻልም» ብሎ መመለስ ይቀለዋል። አዋጁ የሚያዘው ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ለአንዱ ጥዋቱን ለሌላው ከሰዓት በኋላውን መስጠት፥ ወይም አንዱን በአደባባዩ በስተ ምሥራቅ ሌላውን በስተ ምዕራብ ማቆም፥ በመካከላቸውም በቂ ፖሊስ አሰልፎ ፊታቸው ወደ ሁለቱም ወገን እንዲሆን ማድረግ።